ዳሌክ ሮቦት አይደለም፤ ታዲያ ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር የኖረ ሰው ይህን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ሰው የማያዳምጥ፣ ሲናገር ስሜት የሌለው፣ ያንኑ ነገር እየደጋገመ የሚሄድ አለቃ ሲገጥማቸው «ዳሌክ ነው» ይሉታል። የቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊው ዴኒስ ፖተር በ1993 ኤዲንብራ ላይ ባደረገው ንግግር የቢቢሲን ሁለት ቁንጮ ሹማምንት በዳሌክ መስሎ አብጠልጥሏቸዋል። ስሙ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከገባም ቆይቷል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኛው ሰው ግን ዳሌክን የሚያውቀው በመልኩ ነው። ያ የሚንሸራተት፣ በተቆራረጠ ድምፅ የሚጮኸው ሮቦት ይላል። ሮቦት አይደለም። ይህ የአድናቂዎች ጥቃቅን ጭቅጭቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የዳሌክ አስፈሪነት በሙሉ ያለው እዚሁ ልዩነት ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ የየትኛው ታሪክ ጭራቅ ነው?

«ዶክተር ሁ» የሚባል የቢቢሲ ተከታታይ የሳይንስ ልቦለድ ድራማ አለ። መታየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ «ዶክተሩ» ይባላል። ሰው ይመስላል እንጂ ሰው አይደለም፤ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ነው። ከውጭ ሲያዩት አሮጌ የፖሊስ ስልክ ሳጥን በሚመስል፣ ውስጡ ግን እጅግ ሰፊ በሆነ መንኮራኩር በጊዜና በጠፈር ይዞራል። ሊሞት ሲል አካሉ ይታደሳል፤ መልኩም ጠባዩም ይለወጣል። ተዋናይ እየተቀያየረ ታሪኩ እስከ ዛሬ የዘለቀው በዚህ ብልሃት ነው።

ዳሌኮች የዚህ ሰው ቀንደኛ ጠላቶች ናቸው። የመጡት ስካሮ ከምትባል ፕላኔት ነው። የሚታየው ነገር ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ቀፎ ነው። ጎኑ ላይ ግማሽ ክብ ጉብታዎች ተደርድረዋል፤ አናቱ ጉልላት ነው። ከጉልላቱ አንድ ዘንግ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያለው ዓይኑ ነው። ከፊት ለፊቱ ሁለት ክንዶች ይወጣሉ። አንደኛው የጦር መሣሪያ ነው። ሌላኛው ደግሞ ቧንቧ ሲዘጋ የምንጠቀምበት ጎማ ነው። ቀልድ አይደለም፤ እውነትም እሱው ነው። እግር የለውም፣ ይንሸራተታል። ከሱ ዘር ያልሆነ ፍጡር ሲያይ «ኤክስተርሚኔት!» እያለ ይጮኻል። ይደምሰስ እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ውስጡ ምን አለ?

ያ ቀፎ ዳሌክ አይደለም። ዳሌኩ ውስጥ ያለው ነው።

ታንክን አስቡ። ታንኩ ማንንም አይጠላም፤ የሚጠላው ውስጡ የተቀመጠው ነው። ልዩነቱ የታንክ ወታደር ማታ ወርዶ እራቱን ይበላል። ዳሌክ አይወርድም። ቀፎው ዓይኑም፣ እግሩም፣ ሕይወቱን የሚያቆይለትም እሱው ነው። ከዚያ ከወጣ ብዙም አይቆይም። ውስጥ ያለው ፍጡር ትንሽ፣ ለስላሳ፣ አጥንት ያለው የማይመስል፣ አንድ ዓይን ያለው፣ ከአካሉ ብዙ ቀጫጭን ክንዶች የሚወጡለት ነገር ነው። ሕይወት ያለው፣ የሚያስብ፣ የሚፈራ፣ ከሁሉም በላይ የሚጠላ ፍጡር።

ይህ ከመጀመሪያው ታሪካቸው ጀምሮ ግልጽ ነበር። በዚያ ታሪክ ዶክተሩና ጓደኞቹ ከዳሌኮች ከተማ ውስጥ ታስረዋል። ዳሌኮቹ የሚንቀሳቀሱት ከብረት ወለል በሚያገኙት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። እስረኞቹ አንዱን ዳሌክ በዘዴ ካባ ላይ ያወጡትና ኃይሉን ያቋርጡበታል። ከዚያ ቀፎውን ከፍተው ፍጡሩን በካባው ጠቅልለው መሬት ላይ ያስቀምጡታል። ኢያን የተባለው ጓደኛቸው ባዶው ቀፎ ውስጥ ገብቶ ዳሌክ መስሎ ጠባቂዎቹን ሊያታልል ይሄዳል። ካሜራው ግን ከካባው ጋር ይቀራል። ከጨርቁ ሥር አንድ ጥፍር ያለው እጅ ቀስ ብሎ ይወጣል። የዕለቱ ክፍል እዚያ ላይ ያበቃል። የቀረውን አካል አያሳዩንም። ገንዘብ ስላልነበራቸው ይሁን አስበውበት፣ ውጤቱ ግሩም ነው።

ሌላ ትዕይንት ደግሞ በ2015 የታየ አለ። ክላራ የምትባለው የዶክተሩ ባልደረባ ቀፎ ውስጥ ገብታ ከማሽኑ ጋር ትገናኛለች። «እኔ ክላራ ነኝ» ለማለት ስትሞክር የሚወጣው ድምፅ «እኔ ዳሌክ ነኝ» ይላል። «እወድሃለሁ» ስትል ከውጭ የሚሰማው «ኤክስተርሚኔት» ነው። ማሽኑ የፍቅርን ቃል የሚያወጣበት ድምፅ የለውም። ስሜቷ በበረታ ቁጥር መሣሪያው ጥይት ይሞላል። ከዚህ በኋላ ዳሌክ ሲጮህ የሰማ ሰው ውስጥ ያለው ፍጡር ምን ለማለት ፈልጎ ይሆን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔ በበኩሌ ከአዲሶቹ ታሪኮች ሁሉ ስለ ዳሌክ ብዙ የነገረኝ ይህ ትዕይንት ነው።

እንዲህ ሆነው ነው የተፈጠሩት?

አይደለም፤ ተሠርተው ነው። በ1975 የታየው ባለ ስድስት ክፍል ታሪክ ይህን ያስረዳል። ጸሐፊው ቴሪ ኔሽን ነው፤ የዳሌኮች ፈጣሪም እሱ ነው።

በዚያ ታሪክ መሠረት ስካሮ ላይ ካሌድና ታል የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች ለ1000 ዓመት ያህል ተዋግተዋል። የተረጩት የጦር ኬሚካሎች ሰውነትን መለወጥ ጀምረዋል። የካሌዶች ዋና ሳይንቲስት ዳቭሮስ ይባላል። አካሉ የተጎዳ፣ አንድ እጁ ብቻ የሚሠራ፣ በሰው ሠራሽ ዓይን የሚያይ፣ የዳሌክን ታችኛ ክፍል በሚመስል ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ሕዝቤ መለወጡ ካልቀረ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ልወቅ ይልና ለውጡን በላብራቶሪ ያፋጥነዋል። ለሚወጣው ደካማ ፍጡር መጓጓዣ ይሠራለታል። ቀፎው ይህ ነው።

እዚህ ድረስ ሕዝቡን ለማዳን የሚጥር ሰው ልትሉት ትችላላችሁ። ቀጥሎ የሚያደርገው ግን ከፍጡሮቹ አእምሮ ርኅራኄን፣ ጥርጣሬን፣ የሕሊናን ድምፅ ማውጣት ነው። እሱ እንደሚለው እነዚህ ድክመት ናቸው። የራሱ ወገኖች ሥራውን ሊያስቆሙት ሲነሱ የከተማቸውን መከላከያ ማፍረሻ ምስጢር ለጠላት አሳልፎ ይሰጣል። የገዛ ሕዝቡ ያልቃል።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ የታወቀው የሁለቱ ሽቦዎች ትዕይንት አለ። ዶክተሩ (ያኔ የሚጫወተው ቶም ቤከር ነው) የዳሌክ ሽሎች የሚያድጉበት ክፍል በር ላይ ቆሟል። ፈንጂ አጥምዷል። በእጁ ሁለት ሽቦዎች ይዟል። ቢያነካካቸው ዳሌክ የሚባል ዘር ሳይወለድ ይጠፋል፤ ወደፊት የሚገደሉ ሚሊዮኖች ይተርፋሉ። አብራው ያለችው ሳራ ታጣድፈዋለች። እሱ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። አንድን ዘር ከነሽሉ ማጥፋት ከቻልኩ እኔስ ከነሱ በምን ተለየሁ ነው ጥያቄው። ሳይወስን ሌላ ወሬ ይደርሰውና ይተወዋል። በኋላ ሲመለስ ፈንጂውን የሚያፈነዳው ሽቦው ላይ የሚነዳ አንድ ዳሌክ ነው። ታሪኩ መልሱን ለተመልካች ትቶታል፤ እስከ ዛሬም ሰው ይከራከርበታል።

መጨረሻ ላይ ዳሌኮቹ በዳቭሮስ ላይ ይዞራሉ። እዘኑልኝ ይላቸዋል። ማዘንን አላስተማራቸውምና አያውቁትም።

ለምን ናዚን ያስታውሳሉ?

ታስቦበት ስለሆነ ነው። ቴሪ ኔሽን የተወለደው በ1930 ካርዲፍ፣ ዌልስ ውስጥ ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው የጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ በሚጥሉበት ዘመን ነው። ዳሌኮችን ሲጽፍ ናዚዎችን እያሰበ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በ1964 መጨረሻ የታየው ታሪክ ዳሌኮች ለንደንን ሲቆጣጠሩ ያሳያል። ዌስትሚንስተር ድልድይ ላይ ይንሸራሸራሉ። ክንዳቸውን እንደ ናዚ ሰላምታ ያነሳሉ። ጦርነቱ ካበቃ 20 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ወላጆች ሲያዩት ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቷቸዋል፤ ልጆቹ ከሶፋ ጀርባ ተደብቀው ነው ያዩት።

ዋናው ነገር ግን ሰላምታው አይደለም፤ የዘር ጥራት እምነታቸው ነው። ዳሌክ ሌላውን የሚገድለው መሬቱን ወይም ሀብቱን ፈልጎ ብቻ አይደለም። ዳሌክ አለመሆኑ ይበቃል። ይህ እምነት ደግሞ ዞሮ ራሳቸውን ይበላቸዋል። በ1988ቱ ታሪክ ሁለት የዳሌክ ወገኖች እርስ በርስ ይጨራረሳሉ፤ ጥሉ ንጹሕ የሆነው የማን ደም ነው የሚል ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1963 ለንደን ነው። ኤስ የምትባለዋ ልጅ ያረፈችበት ቤት መስኮት ላይ ጥቁሮች አይከራዩም የሚል ማስታወቂያ ታያለች። ማንም ንግግር አያደርግበትም። ካርዱን ታያለች፣ ዝም ትላለች፣ በቃ።

የ2010ሩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የድሮ ዳሌኮች አዲስ፣ «ንጹሕ» ትውልድ እንዲወለድ ያደርጋሉ። አዲሶቹ ወጥተው አሮጌዎቹን የበታች ናችሁ ይሏቸዋል። አሮጌዎቹ አልተከራከሩም፤ አልሸሹም። ልክ ናችሁ ብለው ለሞት ይዘጋጃሉ፤ ይገደላሉም። ሮቦት እንዲህ ቢያደርግ ትእዛዝ ፈጸመ እንላለን። ይህ ግን የራሱን ጥላቻ እስከ ራሱ ሞት ድረስ የሚያምን ፍጡር ነው። (አዲሶቹ በቀለማቸውና በግዝፈታቸው ተመልካች ስላልወደዳቸው ቶሎ ወደ ጓዳ ተመልሰዋል። የነሐስ ቀለም ያላቸው ዛሬም አሉ።)

በእውኑ ዓለምስ ማን ሠራቸው?

የ«ዶክተር ሁ» ሐሳብ ዋና አመንጪ የቢቢሲ ድራማ ኃላፊ የነበረው ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን ነው። ልጆችን ታሪክና ሳይንስ የሚያስተምር ፕሮግራም ነበር የፈለገው። ዓይኑ የፈጠጠ የጠፈር ጭራቅ አልፈልግም ብሎም አስጠንቅቋል። ፕሮዲዩሰሯ ቬሪቲ ላምበርት ገና 27 ዓመቷ ነበር። በእጇ ያለው ዝግጁ ጽሑፍ የኔሽን ብቻ ነበር። ኒውማን ተቆጣ፤ እሷ ግን ተሟግታ አስተላለፈችው። ኒውማን በኋላ መሳሳቱን አምኗል።

ኔሽን በጽሑፉ ላይ የፈለገው እግር የሌለው፣ የሚንሸራተት ነገር ነበር። ሐሳቡ የመጣለት ከጆርጂያ የባህል ውዝዋዜ ቡድን ነው። ሴቶቹ እግራቸውን የሚሸፍን ረጅም ቀሚስ ለብሰው መድረኩ ላይ ሲንሳፈፉ አይቷል። ወደ ቅርጽ የለወጠው ግን ሬይመንድ ኩሲክ የተባለ የቢቢሲ ዲዛይነር ነው። (ሥራው መጀመሪያ ለሪድሊ ስኮት ነበር የተሰጠው። ጊዜው አልመች ብሎት ቀረ። ኋላ የሆሊውድ ታላቅ ዳይሬክተር የሆነው ያው ሪድሊ ስኮት ነው።)

ኩሲክ ከሰው ጀመረ። ውስጡ ሰው ገብቶ ቀኑን ሙሉ መንዳት አለበት፤ ስለዚህ ይቀመጥ አለ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሳለ፤ ዙሪያውን ቅርጽ ሰጠው። እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለሠሪው ሲያስረዳ ደግሞ ምግብ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን የቁንዶ በርበሬ መነስነሻ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ መነስነሻ አይቶ ነው የሠራው እያለ ያወራል። ያ ጎማም ቢሆን ከበጀት ጉዳይ የመጣ ነው። ውድ የሜካኒካል እጅ መሥራት አልተቻለም።

ለመጀመሪያው ታሪክ የተሠሩት አራት ብቻ ናቸው። ብዙ መስለው እንዲታዩ ከኋላ ፎቶግራፋቸው ተለጥፎ ይቆም ነበር። ውስጥ ያለው ሰው በእግሩ እየገፋ ይነዳል። በሁለት እጁ ዓይኑንና ክንዶቹን ያንቀሳቅሳል። የሚያየው በአንገቱ ዙሪያ ባለው ወንፊት በኩል ነው። ሙቀቱ አይጣል ነው።

ዲሴምበር 21 ቀን 1963 ተመልካች ያየው ይህን ሁሉ አልነበረም። ባርባራ የምትባለው መምህርት የብረት ኮሪደር ውስጥ መንገድ ጠፍቷታል። ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ትጮኻለች። ወደ እሷ የሚመጣው ክንድ ጫፍ ብቻ ይታያል። ሌላውን ለማየት ሰው አንድ ሳምንት ጠበቀ። ታሪኩ ሲያልቅ የተመልካቹ ቁጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር።

ያ ድምፅ እንዴት ተሠራ?

የሚናገረው ቀፎ ውስጥ ያለው ሰው አይደለም። መጀመሪያ ላይ ፒተር ሆኪንስና ዴቪድ ግራሃም የተባሉ ተዋናዮች ከዳር ሆነው በማይክሮፎን ይናገሩ ነበር። ከ2005 ወዲህ ኒኮላስ ብሪግስ ነው። ድምፃቸው ሪንግ ሞዱሌተር በሚባል መሣሪያ ያልፋል። መሣሪያው የሰውን ድምፅ በሰከንድ ወደ 30 ጊዜ ከሚርገበገብ ሌላ የኤሌክትሪክ ሞገድ ጋር ያባዛዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አናባቢ ይቆራረጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ዘዴውን ለዳሌክ ያዋለው የቢቢሲ የድምፅ ባለሙያ ብራያን ሆጅሰን ነው።

መሣሪያው ግን ግማሹን ሥራ ነው የሚሠራው። የዳሌክ አነጋገር መጀመሪያ ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱ ቀለም እኩል የሚመታ ነው። ሲቆጣ ወደ ላይ እየወጣ ይሄድና መጨረሻ ላይ የጭንቅ ጩኸት ይሆናል። ያ የተዋናዩ ሥራ ነው። እስኪ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። ከቁጣው ውስጥ ፍርሃት ይሰማል።

ደረጃ መውጣት አይችልም የሚባለውስ?

ለብዙ ዓመታት የእንግሊዝ ቀልድ ሁሉ ይህ ነበር። በ1981 «ፓንች» መጽሔት ላይ የወጣ ካርቱን ዳሌኮች ከደረጃ ሥር ተገትረው፣ ዓለምን የመግዛት ዕቅዳቸው ሲበላሽ ያሳያል። በ1988 ግን ዶክተሩ ከምድር ቤት ደረጃ ሲሮጥ ዳሌኩ ከኋላው ተንሳፍፎ ወጣ። በ2005ም ደገሙት። አንድ ወጣት ከደረጃው አናት ሆኖ ሲያሾፍበት ዳሌኩ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይነሳል። ቀልዱን እስከ ዛሬ የሚቀልድ ሰው ካለ አላየም ማለት ነው።

ባለቤቱ ማን ነው?

ኔሽን የውጭ ጸሐፊ ስለነበር የሐሳቡን መብት ከቢቢሲ ጋር ተጋርቷል። ውሉን የተደራደረችለት ወኪሉ ቤሪል ቨርቱ ናት። (ልጇ ኋላ «ዶክተር ሁ»ን የመራውን ስቲቨን ሞፋትን አግብታለች፤ ዓለም ጠባብ ናት።) የዳሌክ አሻንጉሊት ሲቸበቸብ ኔሽን ሀብታም ሆነ። ኩሲክ ግን የቢቢሲ ደመወዝተኛ ነበር። ያንን ቅርጽ ለፈጠረበት ከደመወዙ ውጭ የተሰጠው 100 ፓውንድ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግፍ ነው። ቅርጹ ባይኖር ስሙን ማን ያስታውሰው ነበር?

የመብቱ ጉዳይ ታሪኩንም ነክቶታል። ኔሽን ዳሌኮቹን አሜሪካ ወስዶ የራሳቸው ተከታታይ ሊያደርጋቸው ስላሰበ በ1967 እንደሚሰናበቱ ተደርጎ ተጻፈ። አሜሪካው አልተሳካም፤ በ1972 ተመለሱ። ኔሽን በ1997 ካረፈ በኋላም በ2004 ክረምት በወራሾቹና በቢቢሲ መካከል ድርድሩ ፈርሶ፣ አዲሱ ተከታታይ ያለ ዳሌክ ሊጀምር ነው ተብሎ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታረቁ።

በቅርቡ ያነጋገረው ደግሞ ዳቭሮስ ነው። በ2023 በታየ አጭር ትዕይንት ያለ ጉዳቱና ያለ ወንበሩ ቀረበ። አዘጋጁ ራስል ቲ ዴቪስ ምክንያቱን ተናግሯል፦ ተሽከርካሪ ወንበርን ከክፋት ጋር ማያያዝ ይብቃን ነው። አንዳንዱ ተቆጣ፤ አንዳንዱ ደገፈ።

ማየት ከፈለግሁ ከየት ልጀምር?

ከ1963ቱ አትጀምሩ፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ይንዛዛል። ኤፕሪል 30 ቀን 2005 የታየውንና ርዕሱ ራሱ «ዳሌክ» የሆነውን ክፍል ፈልጉ። ጸሐፊው ሮበርት ሺርማን ነው። 45 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ምንም ማየት አያስፈልግም። አሜሪካ ዩታ ውስጥ አንድ ቢሊየነር ከመሬት በታች በሠራው የግል ሙዚየም የመጨረሻ ነው የተባለ ዳሌክ በሰንሰለት ታስሯል። ዶክተሩ ዘሩ በሙሉ በዳሌኮች ጦርነት ያለቀበት ሰው ነው። የዳሌኩ መሣሪያ እንደማይሠራ ሲያውቅ ዶክተሩ ፊት ላይ የሚመጣውን ተመልከቱ። ዳሌኩ በኋላ አንተ ጥሩ ዳሌክ ይወጣህ ነበር ይለዋል። ቀፎውም ይከፈታል፤ ውስጥ ያለውንም ታዩታላችሁ። ሮዝ የምትባለዋ ልጅ ምን እንደምታደርግ ግን አልነግራችሁም።

ከወደዳችሁት ወደ 1975ቱ እለፉ። ግድግዳው ሲነኩት የሚወዛወዝባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቻሉት።